ኤም አር አይ «ደህና ነው» ሲል፦ የአንጎል ምስል ስለ መርሳት በሽታ ምን ይነግረናል?

እናት ወይም አባት መርሳት ሲያበዙ የብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጭንቅላታቸው በማሽን ይታይልን» የሚል ነው። ምስሉ ተነሥቶ የውጤት ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አባባሎች አንዱ ተጽፎበታል። «ከዕድሜ ጋር የተያያዘ የአንጎል መሟሸሽ ታይቷል» ከተባለ ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ «የጎላ ችግር አልታየም» ከተባለ እፎይ ብሎ ይመለሳል። ድንጋጤውም እፎይታውም ልክ ላይሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ወረቀት የተጻፈላቸው ሰው ጤነኛ፣ ሁለተኛው የተጻፈላቸው ደግሞ አልዛይመር የጀመራቸው ሊሆኑ ይችላሉና።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚሰማው ዜና ጉዳዩን ይበልጥ አደናግሮታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በሐምሌ 2023 ሌካኔማብ ለተባለው የአልዛይመር መድኃኒት ሙሉ ፈቃድ ሰጠ። በሐምሌ 2024 ዶናኔማብ ተከተለ። በግንቦት 2025 ደግሞ የአልዛይመርን ምልክት ከደም የሚለካ ምርመራ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ ወዲህ «በሽታው ከ20 ዓመት በፊት በምስል ይታወቃል» የሚለው ወሬ በየማኅበራዊ ገጹ ይዞራል። ዜናዎቹ መሠረት አላቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ የምስል ዓይነት የሚመልሰው የራሱ ጥያቄ አለው፤ ጥያቄው ሳይታወቅ የታዘዘ ምስል ገንዘብ ያስወጣል እንጂ መልስ አይሰጥም።

ስሙና በሽታው

ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የማስታወስ፣ የመናገር፣ የማቀድ ወይም አቅጣጫ የመለየት ችሎታ ከነበረበት ወርዶ፣ ሰውየው የዕለት ኑሮውን ብቻውን መምራት ሲያቅተው ለዚያ ሁኔታ የሚሰጥ የወል ስም ነው። ከበስተጀርባው ብዙ በሽታዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆነው ምክንያቱ አልዛይመር እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ቀሪውን የአንጎል ደም ሥሮች ጉዳት፣ ሊዊ ቦዲ የሚባለው በሽታና የግንባር በኩል የአንጎል መሟሸሽ ይጋሩታል። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ሦስቱ ተደራርበው መገኘታቸውም የተለመደ ነው። ድርጅቱ በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ ከመካከላቸው ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት።

ስለዚህ «ዲሜንሺያ አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ማሽን አይመልሰውም። የሚመልሰው የቅርብ ሰው ምስክርነትና የሐኪም ምርመራ ነው። ዕቁቡን ከፍለው ሳለ ደግመው ለመክፈል መሄድ፣ ወጡን ሦስቴ ጨው ማድረግ፣ ሠላሳ ዓመት የተመላለሱበት የቤተ ክርስቲያን መንገድ መጥፋት፣ የልጅ ልጅን ስም ከልጅ ስም ጋር ማቀላቀል ሳይሆን የልጅ ልጅ ማን እንደሆነ አለማወቅ፤ መቼ ተጀመረ፣ እየባሰ የሄደው በቀስታ ነው ወይስ በድንገት? ምስል የሚመጣው ይህ ከተጠየቀ በኋላ ነው፤ የሚመልሰውም «ከበስተጀርባው ያለው ምንድን ነው?» የሚለውን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ሊድን የሚችለውን ማግኘት

ስለ አልዛይመር ብዙ ስለሚወራ የአንጎል ምስል ትልቁ ጥቅም ይዘነጋል። መርሳት ለመጣበት ሰው የሚነሣ የመጀመሪያ ምስል ዋና ዓላማው በቀዶ ሕክምና ወይም በመድኃኒት ሊስተካከል የሚችል ነገር እንዳያመልጥ ነው። ለዚህ በራጅ ጨረር የሚሠራው ተራ ሲቲ ስካን እንኳ ብዙ ርቀት ይወስዳል። ከኤም አር አይ ይረክሳል፤ ምስሉ ራሱ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ የጨረር መጠኑም ዝቅተኛ፣ 2 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ) ገደማ ነው።

ከሚፈለጉት አንዱ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ነው። አዛውንቶች ላይ አንጎሉ ትንሽ ስለሚሟሽሽ ከራስ ቅሉ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ ከአልጋ ሲነሡ ግድግዳ ጋር መጋጨት ብቻ ሊበጥሳቸው ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ከውድቀቱ ጋር አያያይዘውም፤ «እርጅና ነው» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። አዲስ ደም በሲቲ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የቆየው ይጠቁራል። በመካከሉ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ግን ከአንጎሉ ጋር ተመሳሳይ ቀለም ይይዛል። ደሙ በሁለቱም ጎን እኩል ከሆነ የአንጎሉ የመሃል መስመር ወደ ጎን አይገፋምና በቀላሉ ይታለፋል። ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት (ምስል የሚያነብ ሐኪም) የሚይዘው የአንጎሉ ሽብሽቦች ከራስ ቅሉ ርቀው መገኘታቸውን አይቶ ነው። ብዙ ጊዜ በራስ ቅሉ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ደሙ ይቀዳል፤ ሰውየውም ወደ ራሱ ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ ያለው ፈሳሽ መብዛት ነው። በሕክምናው ስም ግፊቱ መደበኛ የሆነ ሃይድሮሴፋለስ ይባላል። ሦስት ነገር አብሮ ይታያል፦ እግር ከመሬት የተጣበቀ የሚመስል አረማመድ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻልና የማሰብ መዘግየት። በምስሉ ላይ የሚለካው ቀላል ነው። የፊተኞቹ የፈሳሽ ክፍሎች ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ያላቸው ስፋት፣ በዚያው ምስል ላይ ላለው ትልቁ የራስ ቅል ውስጣዊ ስፋት ይካፈላል። ለምሳሌ 4.2 ሴንቲሜትር ለ13 ሴንቲሜትር ሲካፈል 0.32 ይሰጣል፤ ከ0.3 በላይ ስለሆነ ክፍሎቹ ሰፍተዋል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ አንጎል በሚሟሽሽበት ጊዜም ክፍሎቹ ይሰፋሉ። ልዩነቱ ያለው ከላይ በአናት በኩል ነው። በሃይድሮሴፋለስ የአናቱ ሽብሽቦች ተጠባብቀው ይታያሉ፤ በመሟሸሽ ግን እነሱም ይከፈታሉ። ከዚያ ከወገብ በመርፌ ከ30 እስከ 50 ሚሊሊትር ፈሳሽ ተቀድቶ አረማመዱ ከመቀዳቱ በፊትና በኋላ ይነጻጸራል። ከተሻሻለ ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ በቀዶ ሕክምና ሊገባ ይችላል።

ዕጢና የቆየ ስትሮክም በዚሁ ዙር ይታያሉ። የማይታዩትን አለመዘንጋት ግን እኩል አስፈላጊ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ በርከት ያሉ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች ሁሉ መርሳትን ያመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ምስሉ ላይ ምንም የለም። ኤች አይ ቪና ቂጥኝም በደም ምርመራ እንጂ በምስል አይለዩም። የደም ምርመራው ሳይደረግ ለኤም አር አይ መሮጥ ርካሹንና ሊድን የሚችለውን ትቶ ከውዱ መጀመር ነው።

ኤም አር አይ እንዴት ይነበባል?

ኤም አር አይ ጨረር የለውም፤ በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። የማግኔቱ ጉልበት በቴስላ ይለካል። ለመርሳት ምርመራ 1.5 ቴስላ ይበቃል፤ 3 ቴስላ ቢገኝ ጥራቱ ይጨምራል። ከማሽኑ ጉልበት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስነው የትኞቹ ምስሎች እንደተነሡ ነው። ቢያንስ አራት ዓይነት ያስፈልጋል፦ የአንጎሉን ቅርጽ በ1 ሚሊሜትር ውፍረት የሚያሳየው ቲ ዋን፣ የነጩን ክፍል ጉዳት የሚያወጣው ፍሌር፣ ጥቃቅን የደም መፍሰስ ነጥቦችን የሚያጎላው ኤስ ደብሊው አይ፣ አዲስ ስትሮክን የሚያሳየው ዲፊውዥን። የመጨረሻው መርሳቱ በሳምንታት ውስጥ እየተባባሰ ለመጣ ሰው በተለይ ይጠቅማል፤ ክሮይትስፌልት ያኮብ የሚባለው ብርቅ በሽታ በእሱ ላይ ነው ጎልቶ የሚወጣው። በክንድ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የተባለ ማቅለሚያ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ካልተጠረጠረ በቀር ለእሱ የሚከፈለው ገንዘብ ትርፍ ነው።

የአልዛይመርን ጥርጣሬ ለመመዘን ዓይን የሚያርፈው ሂፖካምፐስ ላይ ነው። ከጆሮ ከፍ ብሎ በአንጎሉ ውስጠኛ ጎን በግራና በቀኝ የተቀመጠ ሲሆን አዲስ ነገር ወደ ትዝታ የሚገባበት በር ነው። የኔዘርላንዱ የነርቭ ሐኪም ፊሊፕ ሼልተንስና ባልደረቦቹ በ1992 ያወጡት ከ0 እስከ 4 የሚሄድ መለኪያ እስከዛሬ በሥራ ላይ ነው። 0 ሲሆን ሂፖካምፐሱ ሙሉ ነው። 1 ሲሆን በላዩ ያለው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ሰፍቷል። 2 ላይ በጎኑ ያለው የፈሳሽ ክፍል ይከፈታል። 3 እና 4 ላይ የሂፖካምፐሱ ቁመት ራሱ ይወርዳል። ዕድሜ ካልታወቀ ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ በተለምዶ ከ75 ዓመት በታች 2 እና ከዚያ በላይ፣ ከ75 በላይ ደግሞ 3 እና ከዚያ በላይ እንደ ችግር ይቆጠራል። በ62 ዓመት ሰው ላይ 2 ማግኘትና በ84 ዓመት ሰው ላይ 2 ማግኘት ፍጹም የተለያዩ ዜናዎች ናቸው። «ከዕድሜ ጋር የተያያዘ» የሚለው ሐረግ ሳይለካ የተጻፈ ከሆነ ሐኪሙ ቁጥሩን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

በፍሌር ምስል ላይ የሚታዩት ነጫጭ ነጥቦች በራሳቸው መለኪያ ከ0 እስከ 3 ይመደባሉ፤ በ1987 ካወጡት ሰዎች በአንዱ ስም ፋዜካስ ይባላል። ጥቂት የተበታተኑ ነጥቦች፣ ማለትም 1፣ በአዛውንት ላይ የተለመደ ነው። ነጥቦቹ ተያይዘው ሰፊ ንጣፍ ሲሠሩ፣ ማለትም 3 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ትንንሾቹን ደም ሥሮች እንደጎዳ ይጠቁማል። ይህ ውጤት በተግባር ዋጋ አለው፤ አልዛይመርን የሚያቆም መድኃኒት በሌለበት ቦታ እንኳ የግፊት መድኃኒት አለና።

ኤም አር አዩ ንጹህ ከሆነስ? አልዛይመርን አያስቀርም። በሽታው ሲጀምር ሂፖካምፐሱ ገና ሙሉ ሊሆን ይችላል። ከ65 ዓመት በታች በሚጀምረው ዓይነት ደግሞ ጉዳቱ አንዳንዴ በኋለኛው የአንጎል ክፍል ስለሚጀምር፣ ሂፖካምፐስን ብቻ ያየ አንባቢ ያልፈዋል። ሰውየው ግን ጽሑፍ ማንበብ፣ ርቀት መገመት፣ ልብስ መልበስ ተስኖታል።

ከማሽኑ በፊት

ብዙ ምስል የሚበላሸው በማሽኑ ችግር ሳይሆን በዝግጅት ጉድለት ነው። ምርመራው ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ጠባብ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ድምፅ መሐል መተኛት ይጠይቃል። የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰው ለምን እንደገቡ በመሐል ይረሱና ለመነሣት ይሞክራሉ። ራስ ሲነቃነቅ ምስሉ ይደበዝዛል፤ የአንጎሉ ጠርዝ ከእውነቱ የሳሳ መስሎ ስለሚወጣ ያልነበረ መሟሸሽ ሊነበብ ይችላል። መፍትሔው ማስተኛ መርፌ መሆን የለበትም፤ ማስተኛው አዛውንቱን ለቀናት ሊያደናግራቸው ይችላል። የሚያውቁት ሰው ማግኔት እንደማያግደው ተረጋግጦ አብሮ ገብቶ እግራቸውን ይዞ ቢቆም፣ ዋናዎቹ ምስሎች አስቀድመው ቢነሡ ይሻላል።

ብረት የግድ ይወጣል። የአንገት ማተብ ክሩ ችግር የለውም፤ የተንጠለጠለው መስቀል ግን ብረት ነው። በድንገት በር ላይ «አውልቁ» ማለት እናቶችን ያስከፋል፤ ቤት ሳሉ ምክንያቱን ነግሮ፣ በእንጨት መስቀል ቀይሮ ወይም ልጅ እጅ ላይ አስይዞ መምጣት ይቻላል። የወርቅ ጥርስ አደገኛ ባይሆንም በፊት በኩል ያለውን ምስል ሊያዛባ ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው በሰውነት ውስጥ የቀረ የጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ ነው። በጦር ሜዳ ያገለገሉ አባቶች ላይ ይህ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ እነሱ ሊረሱት ስለሚችሉ ቤተሰብ ይናገር፤ ጥርጣሬ ካለ አስቀድሞ ራጅ ይነሣ። በተለይ ዓይን አካባቢ ያለ ብረት ሊንቀሳቀስና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላቸውም የመሣሪያውን ካርድ ይዘው ይምጡ፤ አንዳንዱ ለኤም አር አይ የተፈቀደ ነው፤ ያልተፈቀደ ከሆነ ሲቲ ይተካዋል።

ፔት ስካን፦ ቅርጽን ሳይሆን ሥራንና ዝቃጭን ማየት

እዚህ ድረስ ያየነው የአንጎልን ቅርጽ ነው። ፔት ስካን ግን በጣም ትንሽ ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር በደም ሥር ሰጥቶ በአንጎል ውስጥ የት እንደተያዘ ያነባል። የመርሳት ምርመራ ላይ ሦስት ዓይነቱ ይሠራበታል።

የመጀመሪያው ከስኳር ጋር የተሰናኘው ኤፍ ዲ ጂ ነው። የሚሠራ የነርቭ ሕዋስ ስኳር ይበላል፤ የደከመው አይበላም። በአልዛይመር በጎንና በኋለኛው ላይኛ የአንጎል ክፍል ስኳር ይቀንሳል፤ በግንባር በኩል ባለው ዓይነት በፊት በኩል፤ በሊዊ ቦዲ ዓይን የሚያነብበት የኋለኛው ክፍል ጭምር። የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር አልዛይመርን ከግንባሩ ዓይነት ለመለየት ከ2004 ጀምሮ ይከፍልበታል። ዝግጅቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አለመብላት፣ ጠዋት ቡና አለመጠጣት፣ መርፌው ከተሰጠ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ደብዘዝ ባለ ጸጥተኛ ክፍል ሳያወሩ መቀመጥ። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም ካለፈ ብዙ ማዕከላት ቀጠሮውን ያዛውራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በደም ውስጥ የበዛው ተራ ስኳር ከኤፍ ዲ ጂው ጋር ይሻማል፤ ምስሉም አልዛይመር የሌለበትን አንጎል እንዳለበት ሊያስመስል ይችላል። የስኳር ታማሚ እናቱን ያለ ዝግጅት የሚወስድ ቤተሰብ ትልቅ ስሕተት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሁለተኛው አሚሎይድ ፔት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 የገለጸው በነርቭ ሕዋሳት መካከል የሚቆለል የፕሮቲን ዝቃጭ፣ ማለትም አሚሎይድ፣ ለመቶ ዓመት ገደማ የሚታየው ሰው ከሞተ በኋላ በማይክሮስኮፕ ብቻ ነበር። በ2004 የፒትስበርግና የኡፕሳላ ተመራማሪዎች ዝቃጩን በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ያሳየውን የመጀመሪያ ምስል አወጡ። የእነሱ ንጥረ ነገር የተሠራበት ካርቦን 11 በ20 ደቂቃ ግማሹ ስለሚጠፋ ከሚሠራበት ሕንፃ መውጣት አይችልም ነበር። በ2012 የተፈቀደው ፍሎርቤታፒርና ተከታዮቹ የሚጠቀሙበት ፍሎሪን 18 ግን ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። 370 ሜጋቤክሬል (የጨረር ሰጪው ንጥረ ነገር መለኪያ) ተሰጥቶ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ይጠበቅና 10 ደቂቃ ይነሣል። አንባቢው የሚፈልገው በግራጫውና በነጩ የአንጎል ክፍል መካከል ያለው ድንበር ነው። ድንበሩ ከጠራ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው፤ ግራጫውም ተሞልቶ ድንበሩ ከጠፋ ፖዘቲቭ።

ሦስተኛው ታው ፔት ነው፤ በ2020 ተፈቅዷል። ታው በሕዋሱ ውስጥ የሚጠመዘዝ ፕሮቲን ሲሆን ከአሚሎይድ ይልቅ ከመርሳቱ ክብደት ጋር ይቀራረባል።

የግማሽ ዕድሜው ነገር ለኢትዮጵያ የሚናገረው አለ። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ የፍሎሪን 18 አንድ ስምንተኛው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ፔት ስካን ማሽን መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ ንጥረ ነገሩን የሚያመርት ሳይክሎትሮን በጥቂት ሰዓት ርቀት ውስጥ መኖር አለበት። በምሥራቅ አፍሪካ ናይሮቢ ይህን ይዛለች። ሕመምተኛው ወደ ምስሉ መሄዱ፣ ምስሉ ወደ ሕመምተኛው ከመምጣቱ ይልቅ የሚቀለው ለዚህ ነው።

ከፔት ጎን እንቅስቃሴን የሚመሩ የዶፓሚን ነርቮችን የሚያሳይ ዳትስካን የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፤ በ2022 ለሊዊ ቦዲም ተፈቅዷል። ሊዊ ቦዲን መለየት ከስም ያለፈ ጥቅም አለው። እነዚህ ሕመምተኞች የሌሉ ሰዎችን ወይም እንስሳትን በግልጽ ያያሉ፤ ለዚያ ሃሎፔሪዶል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ቢሰጣቸው ሰውነታቸው ሊገትርና ሕይወታቸው አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዳትስካን በሌለበት ቦታም ቤተሰብ «ሰው ቤት ውስጥ አለ ይላሉ፤ እንቅልፋቸው ላይ ይራገጣሉ፤ እንቅስቃሴያቸው ዘግይቷል» ብሎ ለሐኪሙ መናገሩ ብዙ ይጠቅማል።

ፖዘቲቭ ማለት በሽታ ማለት ነው?

ክርክሩ የጠነከረው እዚህ ላይ ነው። በ2015 የታተመ ሰፊ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ምንም የመርሳት ችግር ከሌለባቸው የ50 ዓመት ሰዎች 10 በመቶው፣ ከ90 ዓመቶቹ ደግሞ 44 በመቶው በአንጎላቸው አሚሎይድ አለ። ዝቃጩ መርሳቱ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ መከማቸት እንደሚጀምር ይታመናል፤ ወሬው የተነሣው ከዚህ ነው። ግን አሚሎይድ ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት ዘመናቸው ዲሜንሺያ ላይ አይደርሱም።

በ2024 የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር ያሰባሰበው የባለሙያዎች ቡድን አልዛይመር በሥነ ሕይወታዊ ምልክት ይገለጽ አለ፤ ዝቃጩ በምስል ወይም በደም ከተረጋገጠ፣ ምልክት ባይኖርም በሽታው ጀምሯል። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን የሚባለው ሌላ ስብስብ ተቃወመ። የእነሱ አቋም ጤነኛ ሆኖ አሚሎይድ ያለበት ሰው ለአደጋ የተጋለጠ እንጂ በሽተኛ አይባልም የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ካንሰርን ይጠቅሳሉ፤ ሳያም ነው የሚገኘው ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ምንም ላይደርስበት ለሚችል ሰው የማይነሣ ስም መስጠት ጉዳት እንደሆነ ይከራከራሉ።

በሁለቱም ወገን ክብደት ያለው ክርክር አለ፤ በተግባሩ ላይ ግን ሁለቱም ይስማማሉ። ምልክት የሌለበት ሰው ከምርምር ውጭ አሚሎይድ ፔት እንዲነሣ አይመከርም። ለምርምር ሳይንሱ ቀድሞ መሄዱ ያስፈልጋል። ለቤተሰብ ግን ሕክምናው ያልተቆረጠለትን ስም በሰው ላይ ማስቀመጥ፣ በተለይ መርሳት እንደ ሐፍረት በሚታይበት ማኅበረሰብ፣ ሊያስከትል የሚችለው መገለል ቀላል አይደለም። ይህ የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው።

ምልክት ባለበት ሰው ላይ ግን ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው። አይዲያስ በተባለው የአሜሪካ ጥናት 11,409 ሰዎች አሚሎይድ ፔት ተነሥተው፣ ቀለል ያለ የመርሳት ችግር ካለባቸው 60.2 በመቶው፣ ዲሜንሺያ ካለባቸው 63.5 በመቶው የሕክምና ዕቅዳቸው ተቀይሯል። ዲሜንሺያ ካለባቸው ሰዎች ውስጥ አሚሎይድ የተገኘባቸው 70.1 በመቶው ብቻ ናቸው፤ ቀሪዎቹ የሌላ በሽታ መንገድ ተከፈተላቸው። ሜዲኬርም «በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ» ይል የነበረውን ገደብ በጥቅምት 2023 አንሥቷል።

የደም ምርመራው ወዴት ይወስደናል? በግንቦት 2025 የተፈቀደው ሉሚፐልስ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ምልክት ላለባቸው ሰዎች ነው። በ499 ሰዎች ላይ ሲሞከር ፖዘቲቭ ካለው 91.7 በመቶው በፔት ወይም በአከርካሪ ፈሳሽ ተረጋግጧል፤ ኔጌቲቭ ካለው 97.3 በመቶው እንዲሁ። ከመቶ ወደ 20 የሚጠጉት ግን መሐል ላይ ቀሩ፤ ለእነሱ ፔት ያስፈልጋል። የኩላሊት ድካምም ቁጥሩን ያለ አልዛይመር ከፍ ያደርገዋል።

መድኃኒቱ ሲጀመር ምስሉ አያበቃም

ሌካኔማብ ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት የ18 ወር ጥናት የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘግይቷል፤ አላቆመም፤ የተወሰደ ትዝታም አልመለሰም። ዝቃጩን ከደም ሥር ግድግዳ ሲያነሣ ግን ፈሳሽ ወይም ደም ወደ አንጎሉ ሊወጣ ይችላል። የአንጎል እብጠት በ12.6 በመቶዎቹ ታይቷል፤ ከእናትም ከአባትም ኤፒኦኢ 4 የተባለውን ዘረ መል በወረሱት ላይ ቁጥሩ 32.6 በመቶ ደረሰ። አብዛኛው ምልክት ስለሌለው በኤም አር አይ ብቻ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ከመጀመሪያው በፊት፣ ከዚያም ከ3ኛው፣ ከ5ኛው፣ ከ7ኛውና ከ14ኛው መርፌ በፊት ምስል ይነሣል። በመነሻው ምስል ላይ ከ4 በላይ ጥቃቅን የደም መፍሰስ ነጥቦች የተገኙባቸው በጥናቱ አልተካተቱም። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው በድንገት ስትሮክ የሚመስል ምልክት ከመጣበት የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት፤ ደም የሚያሟሟው የስትሮክ መርፌ አንጎል ውስጥ ከባድ ደም ሊያፈስ ይችላል። መድኃኒቱን እንደሚወስድ የሚገልጽ ካርድ ከመታወቂያ ጋር በአንድ ቦርሳ ይቀመጥ።

ፈተናው በሌላ የቀን አቆጣጠር ሲሆን

የምስል ውጤት የሚመዘነው ከማስታወስ ፈተና ጋር ተያይዞ ነው። በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አዛውንቶች ላይ ደግሞ ፈተናው ራሱ የሚስትበት ቦታ አለ። «ዓመቱ ስንት ነው?» ሲባሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢመልሱ ከሐኪሙ ወረቀት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይራራቃል። «ዛሬ ስንት ነው?» ተብለው «ሚካኤል ነው» ቢሉ ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን ላይ ከሆነ ፍጹም ትክክል መልሰዋል፤ አስተርጓሚው ካልገባው ግን ዜሮ ይጻፍባቸዋል። ሰዓት ሥለው «ለአሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» እንዲያሳዩ ሲጠየቁ፣ ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ቀይረው አጭሩን መዳፍ አምስት ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ። ትምህርት ቤት ያልገቡ ሰው ደግሞ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት መቀነስ ተስኗቸው የታመሙ ሊመስሉ ይችላሉ። በአውስትራሊያ ለተለያዩ ማኅበረሰቦች የተዘጋጀው ሩዳስ የተባለው ባለ 30 ነጥብ ፈተና በቀለም ትምህርት ላይ እምብዛም ስለማይመካ ይሻላል።

«ምስል ግን ቋንቋ የለውም» ሊባል ይችላል። በከፊል እውነት ነው። አሁን አሁን ሂፖካምፐስን በራሱ ለክቶ «ከእኩዮችዎ 8ኛ ፐርሰንታይል ላይ ነዎት» (ከመቶ እኩዮች ከእርስዎ በታች ያሉት 8 ገደማ ብቻ ናቸው ማለት ነው) የሚሉ ሶፍትዌሮች አሉ። እኩዮች የተባሉት ሰዎች በአብዛኛው በአሜሪካና በአውሮፓ የተሰበሰቡ፣ የተማሩ ነጮች ናቸው። የራስ ቅል መጠንና የትምህርት ደረጃ የሚያመጡት ልዩነት ካልታሰበበት ቁጥሩ ለአንዲት የጎጃም እናት የሚለውን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ቁጥሩን ከማመን ይልቅ ከዓመት ተኩል ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የራሳቸውን ምስል ከራሳቸው ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

የማዘዣው ወረቀት

ራዲዮሎጂስቱ ሕመምተኛውን አያይም፤ የሚያየው ወረቀቱንና ምስሉን ነው። «የራስ ሕመም/መርሳት» ተብሎ የተላከ ማዘዣ «የጎላ ችግር አልታየም» የሚል መልስ ቢያመጣ አይገርምም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «ዕድሜ 71፣ የደም ግፊት ለ20 ዓመት፣ ከ14 ወር ወዲህ ቀስ እያለ የባሰ መርሳት፣ ከሦስት ወር በፊት ወድቀው ነበር፣ አረማመድ ዘግይቷል። ደም የተጠራቀመ አለ? የፈሳሽ ክፍሎች መለኪያ ስንት ነው? የሂፖካምፐስ ደረጃ በግራና በቀኝ ይጻፍ፤ የነጭ ነጥቦች ደረጃና የጥቃቅን ደም መፍሰስ ቁጥር ይገለጽ።» ይህን ለመጻፍ ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ መረጃውን የሚሰጠው ደግሞ አብሮ የመጣው ልጅ ነው።

ውጤቱ ከመጣ በኋላ ፊልሙን ወይም ወረቀቱን ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ሙሉው ምስል ዲስክ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ዳይኮም በተባለው ፎርማት ይጠየቅ። ፊልም ላይ የታተመው የተመረጡ ጥቂት ቁራጮች ናቸው፤ ሁለተኛ አንባቢ የሂፖካምፐሱን አንግል አስተካክሎ ሊያየው የሚችለው ከዲስኩ ብቻ ነው። ዲስኩ ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የማሽኑ ቴስላና የተነሣበት ቦታ ይጻፍበት። ሁለተኛው ምስል በዚያው ማሽን ቢነሣ ለንጽጽር ይመረጣል፤ ካልተቻለም የድሮው ዲስክ ከአዲሱ ቀጠሮ ጋር አብሮ ይቅረብ።